የጉልላት የመጨረሻ ገጽ

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አሞጽ የመጋዘኑን የጎን በር ከፍቶ ሲገባ የመኪና ጭስ ሸተተው። ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል በሚባለው የፋብሪካና የመጋዘን ሰፈር ውስጥ የጭስ ሽታ ብርቅ ስላልሆነ ከጎረቤት ጋራዥ የመጣ መስሎት መብራቱን አበራ። የዕቃ ማድረሻው አሮጌ ቫን ዓርብ ባቆመበት ቦታ አለ። ከሹፌሩ ጎን ባለው ወንበር ላይ ጉልላት ራሱን ወደ መስኮቱ አዘንብሎ ተቀምጧል። አሞጽ በሹፌሩ በኩል ገብቶ ትከሻውን ሲነካው ሰውነቱ ደርቆ፣ እንደ ውጪው አየር ቀዝቅዞ አገኘው። ቁልፉ አልተዘጋም፤ ነዳጁ አልቆ ሞተሩ በራሱ ጠፍቷል።

ዳሽቦርዱ ላይ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ቢጫ ወረቀት ነበር። አሞጽ በአራት ዓመቱ ካልጋሪ የመጣ፣ አማርኛ የሚናገር ግን ፊደል የማያነብ የሠላሳ ዓመት ሰው ነው። ወረቀቱን አየው እንጂ ምን እንደሚል አላወቀም። ትልቁን በር ከፍቶ አየር አስገባና ፖሊስ ጠራ።

ወረቀቱ በአማርኛ በመሆኑ መርማሪ ወለተማርያም ገብረመድኅን ተጠራች። ወለተማርያም ወደ ካናዳ ከመምጣቷ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበረች። ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ቃል ስትመዘግብ ስለኖረች፣ ሰዎች ምን እንዳሉ ብቻ ሳይሆን አረፍተ ነገሩን የት እንዳቆሙ የማስተዋል ልማድ ነበራት። ጓንቷን አድርጋ ወረቀቱን አነሳችና አነበበች።

«ደክሞኛል። እግሬ ደንዝዞ ደረጃ መውጣት አቅቶኛል። ዓይኔ ይፈዛል። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፤ ቀን ጉልበት የለኝም። ሰው ፊት ፈገግ እላለሁ፤ በሬን ስዘጋ አለቅሳለሁ። ለቤተሰቤ ሸክም መሆኔ ያሳፍረኛል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ እንጂ፣ ከዚህ በኋላ መኖር በቃኝ።»

ባልደረባዋ ትርጉሙን ሲሰማ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ፤ ነገሩ ግልጽ መሰለው። እሷ ግን ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠግታ ቆየች። ጽሑፉ እስከ ገጹ የመጨረሻ መስመር ድረስ ሞልቷል። ቀለሙ ሰማያዊ ነው። የመጨረሻው አራት ነጥብ ብቻ ጥቁር ነው።

ጉልላትን በአካል ባታውቀውም ሥራውን ታውቃለች። «ብሥራት ሻይ» የሚባለውን ከሥራሥር የሚቀመም ሻይ በከተማው አበሻ ስልክ ውስጥ ሁሉ ያስገባው የእሱ ብዕር ነው። ሻዩ ለስኳር ሕመም እንደሚበጅ የሚያወሳውን ማስታወቂያ ያነበበ ሰው ስለ ራሱ የተጻፈ ይመስለው ነበር። ወለተማርያም ራሷ ባለፈው ዓመት ከጓደኛዋ ሲደርሳት፣ ጥሩ ነገር ያደረገች መስሏት ለሦስት ሰው አስተላልፋዋለች። ከሦስቱ አንዷ የስኳር ሕመም ያለባት አክስቷ ናት። አሁን ቫኑ አጠገብ ቆማ ይህ ታወሳት። በዚያው ቅጽበት ከመጋዘኑ ወጥታ አክስቷ ጋ ደወለች። አክስቷ ሻዩን ከሁለት ኩባያ በላይ አልጠጣችም፤ ጣዕሙን ጠልታው ነበር።

የጉልላት ሚስት ሩታ የምትኖረው ኮራል ስፕሪንግስ፣ በረዶ የሠራው ሐይቅ በሳሎኗ መስኮት በሚታይበት ቤት ነው። ወለተማርያም ስትደርስ ሩታ ካፖርቷን ሳታወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ባሏ ከኅዳር ወዲህ ሌላ ሰው ሆኖ እንደነበር ነገረቻት። በኅዳር የአሞጽ እናት ወይዘሮ ፀሐይ ሞተዋል። ሴትየዋ የስኳር መድኃኒታቸውን ትተው በሻዩ ብቻ ይኖሩ እንደነበር የታወቀው ሆስፒታል ከገቡ በኋላ ነው። ጉልላት ማስታወቂያው ላይ መድኃኒት ተዉ የሚል አንድም ቃል አልጻፈም፤ ይህን እየደጋገመ ለሩታ ያነብላት ነበር። ከዚያ ደግሞ ወረቀቱን ይጥልና፣ ተዉ ባይልም ተዉ ያስመስላል እያለ ይቀመጣል።

«ሁለት ሳምንት ቢሆነው ነው» አለች ሩታ። «ከሥራ መጥቶ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ‹የፀሐይን ድምፅ ሰማሁት› አለኝ። ሐኪም ጋ እንሂድ አልኩት። አእምሮውን የነካው መሰለኝ።»

«እሱስ ምን አለ?»

«አልገባሽም አለኝ። ከዚያ ወዲህ ተኮራርፈን ነበር።» ስልኳን አውጥታ አሳየቻት። እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ያልተነሳ የጉልላት ጥሪ አለ። «እጄ ላይ ነበር። እያየሁት ዝም አልኩት።»

ወለተማርያም ምንም ዓይነት ማጽናኛ ቢሆን ያን ሰዓት እንደማይመልሰው ስለገባት ሰዓቱን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። ከዚያ ጉልላት እግሩን ያመው እንደሆነ ጠየቀች። ሩታ ጥያቄው እንግዳ ሆነባት። ቅዳሜ የራሳቸውን ደጅ በረዶ ከጠረገ በኋላ የሁለት ሽማግሌ ጎረቤቶችንም ጠርጎ መግባቱን ተናገረች። ዓይኑም ቢሆን ጤነኛ ነው፤ መነጽር አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ወለተማርያም ወደ መጋዘኑ ተመለሰች። የሻዩ ባለቤት ቴዎፍሎስ የሃምሳ ዓመት ሰው ነው፤ ፎቁ ላይ ባለችው ቢሮው ውስጥ ሸሚዙ በላብ ርሶ ተቀምጧል። ስለ ጉልላት ሥራ ስትጠይቀው ግን ፊቱ ትንሽ ተፈታ።

«የማስታወቂያ ጽሑፍ፣ ኮፒ የምንለውን፣ መጻፍ ማለት ለጉልላት ማስዋብ አልነበረም» አለ። «ሰው ሻይ አይገዛም፤ ከጭንቀቱ መውጫ ነው የሚገዛው ይል ነበር። መጀመሪያ ሕመሙን በራሱ በሰውየው አፍ ታወራዋለህ። ‹ይህ ሰው አወቀኝ› ሲል፣ ያኔ ተስፋውን ታሳየዋለህ። ከዚያ የዳነ ሰው ምስክርነት፤ ከዚያ ‹ዛሬውኑ ይደውሉ›። እኔ ከእሱ በፊት በወር ሠላሳ ሳጥን አልሸጥም ነበር።»

«ሕመሙን በሰውየው አፍ የሚያወራው እንዴት ነው?»

«የደንበኞቹን ስልክ ያዳምጣል። ጥሪዎቻችን በሙሉ ይቀረጻሉ። እሱ እያዳመጠ ሰዎቹ ራሳቸው የሚሉትን ቃል ይለቅማል። አንዲት ሴትዮ ‹በሬን ዘግቼ አለቅሳለሁ› ካለች፣ ያቺን ቃል ወርቅ ናት ብሎ ይይዛታል።»

ወለተማርያም ማስታወሻዋን መጻፍ አቆመች። ወረቀቱን አሳየችው። ቴዎፍሎስ ሁለት ጊዜ አንብቦ የእጅ ጽሑፉ የጉልላት መሆኑን አረጋገጠ፤ ወረቀቱን ግን ከዚህ በፊት እንዳላየው ተናገረ። ጉልላት እሑድ ለምን ወደ መጋዘኑ እንደመጣ ሲጠየቅ አላውቅም አለና ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ። ወለተማርያም ይህን በልቧ ያዘች።

ታች፣ ከማሸጊያው ክፍል በስስ ግድግዳ በተለየች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ወይዘሮ ብርቅነሽ ይሠራሉ። ስድሳ ዓመት የሞላቸው፣ አጭርና ቀይ ሴት ናቸው። ማስታወቂያውን አይቶ የሚደውለውን ሰው ሁሉ የሚያነጋግሩት እሳቸው ናቸው። ሊጠይቅ ብቻ የደወለ ሰው ስልኩን ሳይዘጋ ደንበኛ ይሆናል። ድምፃቸው የእናት ድምፅ ነው፤ ሁሉም እትዬ ይላቸዋል። ጠረጴዛቸው ላይ በፎጣ የተጠቀለለ የምሳ ዕቃ ተቀምጧል። ለአሞጽ መሆኑን ነገሯት። እናቱ ከሞቱ ጀምሮ አንድም የሥራ ቀን ያለ ምሳ አልተዉትም።

ወረቀቱን ስታሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው በቀስታ አነበቡና እንባቸው መጣ።

«ይህን ጽሑፍ ከዚህ በፊት አይተውት ያውቃሉ?»

«ኧረ የት አይቼው፣ ልጄ። እንዲህ ያለ ነገር በልቡ ይዞ መኖሩን መች አወቅን።»

መሐረብ ለማውጣት ቦርሳቸውን ሲከፍቱ የመድኃኒት ብልቃጥ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለ። ወለተማርያም አንስታ አቀበለቻቸው። የእንቅልፍ ክኒን ነው፤ ባለፈው ታኅሣሥ የታዘዘ። እሑድ የት እንደነበሩ ስትጠይቃቸው ከካልጋሪ ውጪ ኮክረን፣ የእህታቸው ልጅ ቤት ክርስትና ላይ መዋላቸውን ነገሯት።

መጨረሻ ያነጋገረችው አሞጽን ነው። ምክንያት ያለው ሰው ቢፈለግ ቀዳሚው እሱ ነበር፤ ራሱም ያውቀዋል። ሳትጠይቀው ጀመረ።

«ጉልላትን አልጠላሁትም። ሰው ሁሉ ዩ ኖው፣ እሱን ሄት የማደርግ ይመስለዋል። ግን ሻዩን ቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ። ከዚህ፣ ከራሴ ሼልፍ ላይ። እማዬ ክኒኑ ሲያቅለሸልሻት አይቼ ‹ይኼን ትራይ አድርጊው› አልኳት። ማስታወቂያውን ማንበብ እንኳ አልችልም። እሷ ናት ያነበበችልኝ።»

ጠዋት ያደረገውን አንድ በአንድ እንዲነግራት ጠየቀችው። ቫኑ ውስጥ የገባው በሹፌሩ በኩል ነው። ሲገባ ጉልበቱ ከመሪው ጋር ተጋጨ። ዓርብ ሲያቆመው እንደዚያ እንዳልነበር እርግጠኛ ነው፤ ወንበሩን የሚያስጠጋው ሰው የለም፣ ከእሱ በቀር ቫኑን የሚነዳም የለም።

በማግሥቱ የአስከሬን ምርመራው የመጀመሪያ ውጤት መጣ። ጉልላትን የገደለው የመኪናው ጭስ ነው፤ ደሙ ውስጥ ግን ብዙ የእንቅልፍ መድኃኒት ተገኝቷል። ሩታ ቤታቸው ውስጥ እንዲህ ያለ መድኃኒት ገብቶ እንደማያውቅ ተናገረች። ያልተገኘ አንድ ነገር ደግሞ ነበር፤ የጉልላት ላፕቶፕ ቤቱም መጋዘኑም የለም።

ወለተማርያም ቴዎፍሎስን ለሁለተኛ ጊዜ ስታነጋግረው ስለ መስኮቱ ጠየቀችው። ጉልላት እሑድ ለምን እንደመጣ ስትጠይቀው ለምን ፊቱን እንዳዞረ ማለቷ ነው። ቴዎፍሎስ ብዙ አልታገለም። ኮምፒውተሩን ከፍቶ ቅዳሜ ከጉልላት የደረሰውን ኢሜይል አሳያት። ለደንበኞች ሁሉ የሚላክ ደብዳቤ ነው። ሻዩ መድኃኒትን እንደማይተካ፣ ማስታወቂያው ሰውን እንዳሳሳተ፣ የጻፈው ሰው ይቅርታ እንደሚጠይቅ በስሙ ፈርሞ ያትታል። ሦስተኛው አንቀጽ እንዲህ ይል ነበር፦ «አንዲት እናት ደውላ ‹መድኃኒቴን ልተወው ወይ?› ብላ ጠየቀችን። ተይው ተባለች። ዛሬ በሕይወት የለችም።»

«እሺ ብዬው ነበር» አለ ቴዎፍሎስ። «እሑድ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይላክ ተባባልን። ሳምንት ሙሉ ስከራከረው ቆይቼ ቅዳሜ ተሸነፍኩ። ሰኞ ሞተ ሲሉኝ …» ኮምፒውተሩን ዘጋው። «መጀመሪያ ያሰብኩት ደብዳቤው አልተላከም ብዬ ነው። ለአንድ ደቂቃ ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ ለማንም መናገር አልቻልኩም።»

«ይህች እናት ማን ናት?»

«ማንም። ጉልላት ምሳሌ የፈጠረ መሰለኝ። ልማዱ ነው።»

ወለተማርያም ግን እንደዚያ አልመሰላትም። ጉልላት የሰዎችን ቃል ለቃሚ እንጂ ፈጣሪ አልነበረም። ሩታ አእምሮውን የነካው የመሰላትን ‹የፀሐይን ድምፅ ሰማሁት› የሚለውን ቃልም አሁን በሌላ ጆሮ ሰማችው። ከመጋዘኑ ጥሪዎች መካከል የመስከረም ወር ቅጂዎች ተሰርዘው አገኘች። የስልክ አገልግሎቱን የሚሰጠው ድርጅት ግን የራሱ ቅጂ አለው። ረቡዕ ቅጂው ሲደርሳት ቢሮዋን ዘግታ ሁለት ጊዜ አዳመጠችው። ከዚያ ኮክረን ሄዳ የክርስትናውን ባለቤት አነጋገረች። ሴትየዋ ምንም ሳትጠረጥር አክስቷ የደረሱት አሥር ሰዓት ላይ፣ ምሳ ተበልቶ ካለቀ በኋላ መሆኑን፣ መንገዱ በረዶ ነበር ማለታቸውን አጫወተቻት።

ሐሙስ ጠዋት አራቱም ታች ባለው የማሸጊያ ክፍል ተሰበሰቡ። ሩታና ቴዎፍሎስ ወንበር ላይ፣ አሞጽ የካርቶን ክምር ተደግፎ፣ ወይዘሮ ብርቅነሽ ደግሞ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣምረው። የወለተማርያም ባልደረባ በሩ አጠገብ ቆሟል። ማንም መናገር ግዴታው እንዳልሆነ፣ የፈለገ ጠበቃውን መጥራት እንደሚችል አስቀድማ ነገረቻቸው።

«ጉልላት ራሱን አልገደለም» ብላ ጀመረች። «መጀመሪያ የተጠራጠርኩት በተቀመጠበት ቦታ ነው። ሞተር አስነስቶ ሊሞት የመጣ ሰው ከሹፌሩ ጎን ለምን ይቀመጣል? የሹፌሩ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ነበረ። ያ ሰው አጭር ነው፤ እግሩ እንዲደርስ ወንበሩን ወደፊት አስጠግቷል። እሑድ ዕለት እዚህ ማሞቂያው ዝቅ ስለሚል ሁለቱ ቫኑ ውስጥ ሆነው፣ ትልቁን በር ከፍተው፣ ሞተሩን ለሙቀት አስነስተው ተነጋግረዋል። ጉልላት የቀረበለትን ነገር ጠጣ። እንቅልፍ ጣለው። ያ ሰው ወረደና በሩን ዘጋው።»

ቴዎፍሎስ «ወረቀቱስ?» አላት። እጁ የጉልላት ነው፤ ሁሉም አይተውታል።

«እጁ የእሱ ነው። ሐሳቡ ግን የእሱ አይደለም። ‹እግሬ ደንዝዞ ደረጃ መውጣት አቅቶኛል› ይላል። እኛ ሐዘን ነው ብለን ተረጎምነው እንጂ፣ ቅዳሜ የሦስት ቤት በረዶ የጠረገ ሰው እግር ነው። የደነዘዘ እግር፣ የፈዘዘ ዓይን፣ ጉልበት ማጣት የስኳር ሕመምተኛ የሚናገረው ነው። አቶ ቴዎፍሎስ፣ ጉልላት ሲጽፍ መጀመሪያ ሕመሙን፣ ቀጥሎ ተስፋውን ነው ብለውኛል። እዚህ ገጽ ላይ ሕመም ብቻ አለ። ስለዚህ ይህ የመጨረሻ ገጽ ሳይሆን የመጀመሪያ ገጽ ነው። ጽሑፉ የገጹን ጠርዝ ነክቶ ወደሚቀጥለው አልፎ ነበር። አንድ ሰው በሌላ ብዕር አራት ነጥብ ጨምሮ ዘጋው።»

ወረቀቱን ኮፒ አውጥታ ይዛ ነበር። አሞጽ ማንበብ ስለማይችል ማንም አንብቦለት አያውቅም። ቀስ ብላ፣ ድምፅዋን ሳታስጌጥ አነበበችው። «… እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ እንጂ፣ ከዚህ በኋላ መኖር በቃኝ» ብላ አቆመች።

«እል ነበር» አለ አሞጽ።

ሁሉም ዞረው አዩት። እሱ ራሱ ደንግጦ ቀና አለ።

«እንደዚያ አይደል የሚለው? ‹መኖር በቃኝ እል ነበር፤ ዛሬ ግን የልጅ ልጆቼን ይዤ ሐይቁን እዞራለሁ›። በዚህ ግድግዳ በኩል ኤቭሪ ዴይ እሰማዋለሁ። እትዬ ብርቅነሽ ስልክ ላይ የሚሉት ነው።»

ከዚያ ምን እንደተናገረ ገባው። ወደ ወይዘሮ ብርቅነሽ ቀስ ብሎ ዞረ።

«ጉልላት ለስልክ የሚነበበውን በእጁ ይጽፍላቸው ነበር፤ ከስክሪን ማንበብ ስለማይወዱ» አለች ወለተማርያም። «ገጾቹ መሳቢያቸው ውስጥ ነበሩ። እትዬ፣ ይህን ጽሑፍ ሁለት ዓመት ሙሉ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ሲያነቡት ኖረዋል። ሰኞ ሳሳይዎት ግን አይቼው አላውቅም አሉኝ። አቶ ቴዎፍሎስ እንደዚያ ቢሉ አምናለሁ፤ የስልኩ ንግግር ፎቁ ቢሮ ድረስ አይሰማም። አሞጽ ገጹን መርጦ ሊያስቀምጥ አይችልም፤ ፊደል አያነብም። የእርስዎ ቃል ብቻ ነው እውነት ሊሆን የማይችለው። ጉልላት የፀሐይን ድምፅ ሰማሁ ያለው ሕልም አይደለም። የጥሪ ቅጂ ሲያዳምጥ ወይዘሮ ፀሐይ በመስከረም የደወሉትን አገኘ። መድኃኒቴን ልተወው ወይ ሲሉ የመለሱላቸውን ሰው ድምፅም ሰማ። ደብዳቤው ቢወጣ ተይው ያለው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ እዚህ ስልክ የሚያነሱት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ወይዘሮ ብርቅነሽ አልካዱም፤ ለረጅም ጊዜም አላለቀሱም። ዓይናቸውን ከወለሉ ሳያነሱ፣ ስልክ ላይ በሚታወቁበት በዚያ ለስላሳ ድምፅ ተናገሩ። ጉልላትን እሑድ የጠሩት እሱ ራሱ አስቀድሞ ያነበበላቸውን ያን ሦስተኛ አንቀጽ እንዲያወጣ ለመለመን ነው። ሊለምኑት ያሰቡት ሳይሆንላቸው ቢቀር ብለው ክኒኑን በፔርሙዝ ሻይ ውስጥ አሟሙተው መጡ። እንቅልፍ ወስዶት አሥራ አንድ ሰዓት እንዲያልፍ፣ እስከዚያም ላፕቶፑን ወስደው ሊያጠፉት፣ የመስከረምን የጥሪ ቅጂም ሊሰርዙ ነበር ሐሳባቸው። ከዚያ ያለፈ አላሰቡም። እሱ መጀመሪያ ሩታ ጋ ደውሎ፣ ስላላነሳችለት ስልኩን ኪሱ ከተተና አዳመጣቸው። አንቀጹን አላወጣም። ስማቸውን ግን እንደማይጠራ ማለላቸው።

«ስሜ ምን ያደርግልኛል» አሉ። «አሞጽ ድምፄን ያውቀዋል። ጉልላት ሲተኛ አየሁትና ከቫኑ ወረድኩ። ልሄድ ነበር። ነገ ሲነቃ ይልከዋል ብዬ አሰብኩ። የበሩ ማዝጊያ እጄ አጠገብ ነበር። ጣቴን አሳረፍኩበት፤ ሲወርድ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ነው ወረቀቱ ትዝ ያለኝ።»

ሩታ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። የእሑዱን ጥሪ አንስታው ቢሆን የባሏን የመጨረሻ ድምፅ ትሰማ እንደነበር ሁሉም ያወቀው ያኔ ነው።

አሞጽ ከካርቶኖቹ ሳይንቀሳቀስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። «እማዬ ስትደውል እሷ መሆኗን አውቀው ነበር?»

«አወቅኳት። ‹ሻዩን ልጄ ነው ያመጣልኝ› አለችኝ።» ወይዘሮ ብርቅነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩት። «ክኒኑ ያቅለሸልሸኛል፣ ልተወው ወይ አለች። የዚያን ቀን አሥራ አንድ ሰው አሳምኜ ነበር፤ አንደበቴ ሞቆ ነበር፣ ልጄ። ሳላስበው ‹ተይው፣ ሰውነትሽ ይረፍ› አልኳት። ስልኩን ዘግቼ የሚቀጥለውን አነሳሁ። ያልኩትን እኔ ራሴ የሰማሁት ስትሞት ነው።»

አሞጽ ሌላ አልጠየቀም። በሩ ተከፍቶ ሲወስዷቸው ጠረጴዛቸው ላይ በፎጣ የተጠቀለለውን የዕለቱን ምሳ አይቶ ፊቱን አዞረ።

ቴዎፍሎስ በዚያው ምሽት የጉልላትን ደብዳቤ አንድ ቃል ሳይቀንስ ለደንበኞቹ በሙሉ ላከው፤ ከጉልላት ስም ሥርም የራሱን ስም ጨመረ። ሻዩን ከመደርደሪያ አወረደ። ወለተማርያም ዓርብ ረፋዱ ላይ የቀሩትን ወረቀቶች ልትወስድ ስትመጣ ስልኩ ያለማቋረጥ ይጮኻል። የስድብ ጥሪ ይሆናል ብላ ነበር። ሰው ግን የሚደውለው ሻዩን እንዲልኩለት ነው። አንዳንዶቹ ደብዳቤው የተፎካካሪ ተንኮል መስሏቸዋል፤ ሌሎቹ ደግሞ አንብበውት፣ ለእኔ ግን ሠርቶልኛል ይላሉ። ቴዎፍሎስ ሁለት ሰው አነጋግሮ ከስልኩ ተነሳ።

አሞጽ ከማሸጊያው ክፍል መጥቶ ወንበሩን ሳበና ተቀመጠ። የሚያነበው ጽሑፍ የለውም፤ ቢኖርም አያነብም። ስልኩን አነሳ። ደዋይዋ አሮጊት ናቸው፤ ሁለት ሳጥን ይፈልጋሉ። መድኃኒታቸውን ከትንሣኤ ጀምሮ ትተዋል።

በተሰባበረ አማርኛው አነጋገራቸው። እናቱ ምን እንደሆኑ ነገራቸው። ሻዩን ማን እንዳመጣላቸውም ነገራቸው። ሴትየዋ አላመኑትም፤ ከዚያ ተቆጡት፤ ከዚያ ስሙን ጠየቁት። ክኒኑ የት እንዳለ ጠየቃቸው። ኩሽና መሳቢያ ውስጥ ነው አሉ። ሐኪማቸው ጋ በሌላ ስልክ ደውሎ መስመር ላይ አስገባላቸው፤ ሐኪሙ ምን ያህል እንደሚወስዱ ሲናገር ቃል በቃል በአማርኛ ደገመላቸው። አርባ ደቂቃ ፈጀ። ወለተማርያም ወረቀቶቿን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

«አሁን ይዋጡት፣ እማማ» አለ አሞጽ። «እጠብቅዎታለሁ። አልዘጋም።»

በስልኩ ውስጥ መሳቢያ ተከፈተ። ቧንቧ ሲንፎለፎል፣ ብርጭቆ ሲቀመጥ ተሰማ። አሞጽ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አጥብቆ ይዞ፣ ሴትየዋ ውኃውን ሲውጡ አዳመጠ።